የስልሳ አንደኛው አልጋ ባለይዞታ

«የሰማህ ላልሰማው ንገር፤ ያልሰማህ ከሰማው ጠይቅ። ከሐምሌ ፩ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ጀምሮ አቶ ቢረሳው ወልደሥላሴ በዙሪክ ከተማ፣ በአንድ የወጣት መንገደኞች ማደሪያ ምድር ቤት፣ ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ፣ የስልሳ አንደኛው አልጋ ሙሉ ባለይዞታ ሆነዋል። ይህ አዋጅ ፎቅ ላይ ባሉት ስልሳ አልጋዎች ላይ አይጸናም።»

አዋጁን ያወጣነው እኛ ነን፤ ጄኔቫ ዳር «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር፣ በእኔ ሳሎን ተቀምጠን፣ ሻይ እየጠጣን፣ እየሳቅን።

ቢረሳውን አብዮቱ የሚያውቀው በእጅ ጽሑፉ ነው። የአዲስ አበባ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቅጹን ከሞሉት ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። የስንቱን ባለጸጋ ቪላ በአንድ መስመር ወደ ሕዝብ እንዳዛወረ ራሱም አያውቀውም። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ የመዝገብ አያያዝ እንዲማር ለሦስት ወር ጄኔቫ ተላከ። ኮርሱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከባለቤቱ ከሕብስት ደብዳቤ ደረሰው፤ «ልብስ ሰፊው ሱፍህን ገና አላደረሰውም። የአስፋንም ኮት ወስዶ አልመለሰም። አትቸኩል» ይላል። አስፋ መሥሪያ ቤት ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ባልደረባው ነው። ኮት ኖሮት አያውቅም፤ የተወሰደው ራሱ ነው።

ቢረሳው ሻንጣውን ይዞ ወደ እኛ መጣ። እኛ ማለት የጄኔቫ ተራማጆች፦ ላንሲ ሰፈር ተሰብስበን ሜራን ሰፈር ስንደርስ ለሁለት የምንከፈል፣ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሦስት ሰዓት የምንናገር፣ ጭቁኑ ሕዝብ በር ሲያንኳኳ ግን ቤታችን የሚጠበን። አንዱ ጓድ ዙሪክ ውስጥ ያለ ደመወዝ፣ በመኝታ ብቻ የሚሠራ ሰው የሚፈልግ ማደሪያ መኖሩን ሰምቶ ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን ቢረሳውን ባቡር ላይ ጫንነው። አዋጁንም ያን ዕለት ጻፍን።

ውሉ ቀላል ነበር። ቢረሳው በየማለዳው የስልሳ አልጋ አንሶላ ይገፍፋል፣ ኮሪደር ይወለውላል፣ ድንች ይልጣል። የማደሪያው ኃላፊ ፍራው ሜትለር ደግሞ አልጋ ትሰጠዋለች። ከአልጋው የምትበልጠው ግን «ይህ ሰው እዚህ ይኖራል» የምትል አንዲት ወረቀት ነበረች። የውጭ አገር ሰዎች ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄውን የሚያየው አድራሻ ሲኖረው ነው፤ ቀጠሮውም ለጥቅምት ተቆርጧል። አልጋ ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ልብስ ሰፊው ይጠብቃል።

ፍራው ሜትለር እንደ አገሯ ደንብ፣ ለ«አቶ» «ሄር» እያለች፣ በአባቱ ስም ነበር የምትጠራው። «ሄር ወልደሥላሴ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መጸዳጃው።» ከመርሐቤቴ ወጥተው የማያውቁት የቄስ ወልደሥላሴ አጥንት በየማለዳው ባልዲ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ጀመር።

የማደሪያው ደንብ በር ላይ ተለጥፏል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሰው። እኛ ደግሞ የራሳችን ደንብ አለን። ለስብሰባም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ዙሪክ የሚወርድ ሁሉ «ቢረሳው አለ አይደል» ይላል። መጀመሪያ ከሙኒክ የመጣ ተማሪ ተኛ። ቀጥላ የላንሲዋ ነርስ የወይንሐረግ ከነሻንጣዋ ገባች። ቢረሳው ለሁሉም አልጋውን እየለቀቀ፣ እሱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ያድራል።

«ለምን እምቢ አትልም?» አልኩት በስልክ።

«እንግዳ ቆሞ እኔ ልተኛ? ደግሞስ ለፍቼ ያገኘሁት አልጋ አይደል እንዴ። ለፈለግሁት ብሰጠው ማን ይጠይቀኛል?»

«መሬት ላራሹ» ብዬ የጮህኩ ሰው ነኝና ወሬ ለወጥኩ። የሰው ትርፍ ቤት ሲመዘግብ የኖረ ጸሐፊ፣ ያቺ አልጋ መተኛዋ እንጂ ባለቤትነቷ እንዳልተሰጠው አልገባውም።

መስከረም ሲያልቅ ተራው የእኔ ሆነ። ስለ ሠራተኛው መደብ ንቃት ንግግር ላደርግ ሄጄ ሦስት ቀን ተኛሁበት። በሦስተኛው ቀን፣ ሠራተኛው መደብ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሲወለውል እኔ እስከ ሦስት ሰዓት አንኮራፋሁ። ፍራው ሜትለር ማሞቂያውን ልታይ ስትወርድ አገኘችኝ። ቢረሳውን ጠራችው።

«ይህ ማን ነው?»

«እንግዳዬ ነው።»

«እዚህ ቤት እንግዶቹ የእኔ ናቸው። እርስዎ እንግዳ የለዎትም።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ መውጫ አሳየችው። «ሳያዩት ገብቶ ከሆነ ይንገሩኝ። ለፖሊስ እደውላለሁ፤ እርስዎን የሚነካዎት ነገር የለም።»

እኔ ሱሪዬን እፈልግ ነበር። ፈቃዴ ያን ሰሞን ገና አልታደሰም። ቢረሳው አየት አደረገኝ።

«ወንድሜ ነው» አላት።

ፊቷ ፈታ አለ። «ወንድም ከሆነማ ሌላ ነው። ፓስፖርቱን ልመዝግብ።» ሰጠኋት። ደጋግማ አየችው። «የዚህ የአባት ስም አስፋው ይላል። እርስዎ ወልደሥላሴ ነዎት።»

«በእናት ነው የምንገናኘው በላት» አልኩት ባማርኛ።

«ወንድሜ ያልኩት እውነቴን ነው። ይሄ ግን ውሸት ይሆናል። ደግሞ የእናቴን ስም ለአንተ እንቅልፍ አላነሳም።»

ፍራው ሜትለር ፓስፖርቱን ዘግታ መለሰችልኝ። «አልጋውን ስላካፈሉ ይቅር እልዎት ነበር» አለች። «ለሚዋሽ ሰው ግን አልፈርምም።» ወረቀቷን እዚያው ተቀበለችው።

በአንድ ባቡር ወደ ጄኔቫ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። የወይንሐረግ እኅቷ መጥታባታለች። የሙኒኩ ተማሪ ስልክ አያነሳም። የእኔ ሳሎን በበራሪ ወረቀት ክምር ተይዟል። «ሁለት ቀን ብቻ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ የለም። ብርድ ልብሱን እንደ ማደሪያው ደንብ በአራት ማዕዘን አጥፎ ትቶልኛል። የጥቅምት ቀጠሮውም አለፈ፤ እዚያ መገኘት አለመገኘቱን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አሁን ከሕብስት ደብዳቤ መጥቷል፤ በእኔ አድራሻ። «ልብስ ሰፊው በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቀኛል። እኔ ምንም አልፈልግም። ቢረሳው የት እንደሚያድር ብቻ ጻፉልኝ።»

ይህን የምታነብ ጓድ፣ በዚያች አልጋ ከተኛነው አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ ከሆንክ ልለምንህ። መልሱን ጀምሬዋለሁ፤ ፖስታው ላይ ቴምብር ተለጥፏል። ቢረሳው በዕድሜው ባዶ መስመር ትቶ የማያውቀውን ዓይነት ቅጽ እኔ መሙላት አቅቶኛልና፣ እባክህ አንተ ሙላልኝ።

ሙሉ ስም፦ ቢረሳው ወልደሥላሴ።

የሚያድሩበት ቦታ፦