ከአፉ የወደቁት ጠጠሮች

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ቤዛዊት ከሁለቱም ኩላሊቶቿ ጠጠር ወጣላት። ሐኪሙ ጀርባዋ ላይ በግራና በቀኝ ከእስክሪብቶ የማይሰፋ ቀዳዳ ከፍቶ፣ በካሜራ እያየ ሰባብሮ አወጣው። ልጠይቃት ስገባ ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጣለች። ስባሪውን በብልቃጥ ሰጥተዋት ኖሮ፣ "ጋሼ፣ ይዩት" ብላ ዘረጋችልኝ። ፊቴን አዞርኩ። ሌላ ጠጠር ትዝ አለኝ።

ወጣት መምህር ሳለሁ ጉና ተራራ ሥር ተመድቤ ነበር። በረዶ በሚወርድበት፣ ከድንች በቀር የሚበላ በሚጠፋበት ክረምት ሁለቱም ጎኔ ይወጋኝ ጀመር፤ ሽንቴም ሥጋ የታጠበበት ውሃ መሰለ። ደብረ ታቦር ሄጄ ስመረመር በሁለቱም ኩላሊቶቼ ጠጠር እንዳለ፣ መድኃኒቱም ጎንን በሰፊው ቀዶ ማውጣት እንደሆነ ነገሩኝ። ፈራሁ። ቤት ያከራዩኝ ደግ ገበሬ አቶ ሞላ፣ ይፋግ አካባቢ ጠጠር በቀንድ ስቦ የሚያወጣ አዋቂ አለ ሲባል ሰምተው ነበርና እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ አውርደው ወሰዱኝ።

የአዋቂው ቤት ሙቀትና ዝንብ ብቻ ነበር። ከእኔ በፊት የታከመው ሰው ደም ሳህኑ ላይ ደርቋል። የቀንዱ አፍ በስንቱ ሰው ላብና ቅባት ቢጫ ሆኗል። መጀመሪያ በሻገተ ቅቤ የተለወሰ ሥር አጠጣኝ፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወጣም። ከዚያ በጋቢው ጫፍ በጠረገው ምላጭ ቀኝ ጎኔን በጣ በጣ አድርጎ፣ ቀንዱን ደፍቶ ሳበ። ሳህኑ ላይ ደምና አክታ ተፋ፤ መሐሉ ላይ ጥቋቁር ጠጠሮች ነበሩ። አቶ ሞላ አማተቡ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል ያለኝ መሰለኝ።

ወደ ግራው ዞሮ ቀንዱን አፉ ላይ ሳያደርስ ሳል ያዘው። ሁለት ጠጠሮች ከጉንጩ ተፈናጥረው ጀርባዬ ላይ ወደቁ። ይሞቃሉ። ምራቁ ወደ ወገቤ ሲንቆረቆር ተሰማኝ።

ሰውየው ጠጠሮቹን ከጀርባዬ ለቅሞ ሳህኑ ላይ አኖረና "ወጣ" አለ። ዘልዬ ወጥቼ ደጁ ላይ አስመለስኩ።

ሸሚዜን ላነሳ ስመለስ ተራ ስትጠብቅ የነበረች ጠና ያለች ሴት እኔ በተነሳሁበት አጎዛ ላይ ተኝታ ጎኗን ገልጣለች።

"እናቴ፣ ከአፉ ሲወድቅ አላዩም?" አልኳት።

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"አንተ ደመወዝተኛ ነህ፣ ሆስፒታል ትሄዳለህ። እኔን ማን ይወስደኛል?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰውየው በዚያው ምላጭ ጀመረ።

አቶ ሞላ እስክንለያይ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔ በኋላ ባሕር ዳር በየተራ ሁለቱንም ጎኔን ተቀደድኩ። ቀጥ ብዬ ለመቆም ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ግን ዳንኩ።

ይህን ሳወራ ሰውየው ሳል የያዘው ጋ ስደርስ ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ስቄበት አላውቅም። ምራቁንስ በሳሙና አጥቤዋለሁ። ያቺ ሴት ግን ውሸት መሆኑን በዓይኗ አይታ ነው ጎኗን የሰጠችው፤ እኔም ሸሚዜን ለብሼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች አላውቅም። ቤዛዊት ከሐኪም ቤት ወጥታ በእግሯ ወደ ሚኒባሱ ስትሄድ ሁሉም እልል አለ። እኔ ደስታዬና ማቅለሽለሼ እንደተደባለቁብኝ የሚኒባሱን በር ከፈትኩላት።