ሰባተኛው ጨሌ

ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ቅቤ የሚነግድ ሰው ማንንም አያምንም፤ ካመነ ከገበያ ይወጣል። ላዩ ወርቅ የመሰለ ቅቤ ከሥሩ ሙዝ ተለውሶበት፣ አንዳንዴም የተቀቀለ ድንች ተሸሽጎበት ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ቅቤውን በስንጥሬ እስከ ሥሩ ድረስ እወጋለሁ፣ አወጣለሁ፣ አሸታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሻጩን "አካም" ብዬ ሰላም የምለው። ይህን ያስተማረኝ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ የከፈተው አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ባለቤቴ ይህ ጠባይ ሱቅ ውስጥ መቅረት ሲገባው ማታ ማታ አብሮኝ ቤት እንደሚገባ ትናገራለች። እውነቷን ነው።

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለው ቤታችን አማቴም አብረውን ይኖራሉ። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ዘንድ ተከብረው የሚኖሩ የወንጌል አማኝ። በእሳቸው ወግ አማትና አማች ፊት ለፊት አይነጋገሩም፣ ዓይን ለዓይንም አይተያዩም። ስለዚህ የስምንት ዓመቷ ልጃችን በመሃላችን ተላላኪ ናት። እኔ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ አባትሽን ሳሙና አልቋል በዪልኝ ይሏታል፤ እሷም ወደ እኔ ዞራ "አባዬ፣ አኮ ሳሙና አልቋል አለች" ትለኛለች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ አማቴ በየወሩ አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ያስጠይቁኝ ነበር፤ ለፀጉራቸው። እሰጣለሁ። ነገር ግን አፍንጫዬ አይሳሳትም፤ ከአማቴ ፀጉር አንድም ቀን ቅቤ ሸቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ ዲጋ ላለው ወንድ ልጃቸው ይልኩለታል ብዬ ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ማንኪያ ቅቤ ለማን ይላካል ብዬ ራሴን ታዘብኩ። ጥርጣሬው ግን አለቀቀኝም፤ ቅቤውን በሰጠሁ ቁጥር ወዴት እንደሚሄድ አስብ ነበር።

ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ዳር የባህል መንደር ተከፈተ ተባለ። ሜዳ ላይ የድሮ ቤቶች ተሠርተው፣ ሰዎች የድሮ ልብስ ለብሰው፣ አንዱ ሲሸምን፣ አንዱ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ አንዷ ወተት ስትንጥ ይታያል፣ ጨሌ የተሰቀለበት ቤትም አለ አሉ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ልጃችንን ይዘን ካልሄድን አለች። እኔ ሱቅ ዘግቼ የቆርቆሮ ዘመን ሰው ሣር ቤት ሲጫወት ማየት አልፈለግሁም። አማቴ እምቢ ይላሉ ብዬ በእሳቸው ተስፋ አደረግሁ፤ እሳቸው ግን እሄዳለሁ አሉ።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነሣው። አማቴ የድሮ ነገር ሲነሣ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። ሙሽራ ሳሉ የሰፈራቸው ሰው ሁሉ ወንጌል ሲቀበል፣ ሴቶቹ ጨሌያቸውን አውጥተው እሳት ውስጥ ጥለዋል። ጨሌ ማለት ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደው፣ ቅቤ እየተቀባ ለመንፈስ የሚጠበቀው ዶቃ ነው። አማቴ የእናታቸውን ጨሌ በገዛ እጃቸው እንዳቃጠሉ በጉባኤ ፊት ስንት ጊዜ መስክረዋል። ባለቤቴ በዚያ ምስክርነት ነው ያደገችው፤ ታሪኩን ስታወራ ድምፅዋ እንኳ ይለወጣል። እኚህ ሴት ጨሌ የተሰቀለበትን ቤት ለመጎብኘት ምን አስነሣቸው? ብዬ ጠየቅሁ፤ ባለቤቴ ሰው ሲያረጅ ያደገበትን ቤት ማየት ያምረዋል ብላ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ያቃጥል ነበር፤ አማቴ ግን ጋቢ ደርበዋል። አንድ እጃቸው ከጋቢው ሥር ወጥቶ አያውቅም። ልጃችን እጃቸውን ልትይዝ ስትዘረጋ ሌላኛውን እጅ ሰጧት። በር ላይ ጥበቃው ሁላችንንም ፈተሸ፤ የእኔን ኪስ ሁለት ጊዜ ነካካው። አማቴ ዘንድ ሲደርስ ግን ዝቅ ብሎ እንደ እናቱ "አዴ፣ ይለፉ" አላቸው። የፈተሸኝ ጥበቃ ሽማግሌ አክባሪ መሆኑ አናደደኝ።

መንደሩን ሙልጭ አድርጌ መረመርኩት። ጭስ ያጠቆረው የተባለውን ግድግዳ ጠጋ ብዬ ባሸተው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ወናፍ የሚያናፋው ቀጥቃጭ ከመናኸሪያው ጀርባ በር የሚበይድ ሰው መሆኑን አወቅሁት፤ እሱም አውቆኝ ፊቱን አዞረ። ወተት ናጯ ጋ ስንደርስ ከቅሉ የሚወጣውን ድምፅ ለአፍታ ሰማሁና ውስጡ ውኃ ብቻ መሆኑን ለባለቤቴ ነገርኳት። እርጎ ሲናጥና ቅቤው ሲይዝ ድምፁ ይወፍራል፤ ይሄ ግን ቀጭን ነው። ልጃችን ግን ቅሉን ተቀብላ እየናጠች ትስቅ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብዬ እንዳይ ለመነችኝ። እሺ አልኳት፤ ዓይኔ ግን እሺ አላለም።

የመጨረሻው ትልቁ ቤት ነው። አስጎብኚዋ የአገር ልብስ የለበሰች፣ መቀነቷ ውስጥ ስልኳ የሚጮህባት ወጣት ናት። ከምሰሶው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በእንጨት ችንካር ጨሌዎች ተሰቅለዋል። ዶቃዎቹ ፕላስቲክ፣ ክራቸው ናይለን ነው። ይህን እንኳ ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ፈጥና ወጣች፤ ጨሌ ባለበት መቆም አትወድም። እኔም ተከተልኳት። አማቴ አልወጡም። ደጃፉ ላይ ዞር ስል አየሁ፦ ክንዳቸው ከግድግዳው ወርዶ ጋቢያቸው ውስጥ ገባ። ከዚያ ጋቢውን አጥብቀው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በአጠገቤ አለፉ።

ሰረቁ። ሌላ ምን ልበል? ሲወጡም ፍተሻ እንዳለ በሩ ላይ ተጽፏል፤ ሲገቡ በአክብሮት ያሳለፋቸው ጥበቃ ሲወጡም እንደሚያሳልፋቸው ምን ዋስትና አለ? ጨሌ አቃጠልኩ ብለው የመሰከሩ ሴት ከጋቢያቸው ሥር ጨሌ ቢወጣ፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ በጉባኤው መሃል ቀና ብለው አይቀመጡም። ከሁሉ በላይ ልጃቸው ታያለች። እሳቸውን ልጠይቅ አልችልም፤ ወጉ አይፈቅድም። በልጃችን በኩል አኮን ሰርቀሻል ወይ በያት አይባል ነገር። ባለቤቴን ብነግራትም ያው እሳቱን መለኮስ ነው።

ጃንጥላ ረሳሁ ብዬ ወደ ትልቁ ቤት ተመለስኩ። የጎደለ ነገር ካለ እዚያው ከፍዬ ነገሩን ልቀብረው ነበር ሐሳቤ። አስጎብኚዋን ከዚህ ግድግዳ ላይ የጎደለ ነገር እንዳለ አይታ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ቅቤ ነጋዴ ሥሩን ሳይወጋ አያድርም፤ ሞኝነቴ ያ ነው። ልጅቷ ደንግጣ የዕቃ ዝርዝሯን አወጣችና ጨሌዎቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

"ኦቦ፣ ስድስት ነበሩ፤ አሁን ሰባት ሆነዋል" አለችኝ።

ሰባተኛውን አውርዳ ሰጠችኝ። ክሩ ናይለን አይደለም፤ ከማርጀቱ የተነሣ የጠቆረና የለሰለሰ የቆዳ ጠፍር ነው። ዶቃዎቹ መሃላቸው በጣት ብዛት ተሟልጠዋል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ለጋ ቅቤ ሸተተኝ፤ ከእኔው ሱቅ የወጣ። የራሴን ቅቤ አላውቅም ካልኩ ስንጥሬን መስበር ይሻለኛል።

እዚያው ቆሜ አፈርኩ። በየወሩ ማንኪያ ሙሉ የሚወጣው ቅቤ የት እንደገባ አወቅሁ። አማቴ አላቃጠሉትም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሸሽገው፣ ቅቤ እየቀቡ አኑረውታል። አሁን ሞት ሲቀርባቸው፣ ዕቃቸውን የሚያነሡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንዳያገኙት ፈሩ። የእናታቸው ነውና እሳት ውስጥ መጣልም አልሆነላቸውም። ማንም የማን ነው ብሎ የማይጠይቅበት አንድ ግድግዳ ቢያገኙ አምጥተው ሰቀሉት። በዚያ ግቢ ውስጥ ካየሁት ሁሉ እውነተኛ የሆነው እሱ ብቻ ነበር። ያንን ነው እኔ የማን ነው ያሰኘሁት።

ልጅቷን መልሰሽ ስቀዪው ልላት አፌን ሳልከፍት ወጥታለች። ያልተመዘገበ ዕቃ ከተገኘ እንደምትጠየቅ እየነገረችኝ፣ ጨሌውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በሩ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር ወደተቀመጡት ጎብኚዎች ሄደች። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ። ባለቤቴ ጨሌውን ስታይ ልጃችንን ወደ ራሷ ሳበቻት። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚዞር ማን ነው አለች፤ ድምፅዋ እንደዚያ ታሪክ ጊዜ ተለውጧል። አማቴ አግዳሚው ላይ ናቸው። ሁለቱም እጆቻቸው ከጋቢው ወጥተው ጉልበታቸው ላይ አርፈዋል። አስጎብኚዋ የማን እንደሆነ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀች፤ የአማቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሊናገሩ ነው።

"የእናቴ ነው" አልኩ።

ባለቤቴ ዞራ አየችኝ።

"እናቴ ስትሞት ሣጥኗ ውስጥ አገኘሁት። ማቃጠል አልሆነልኝም፤ ቤት ማስቀመጥም ፈራሁ። እዚህ ሰው ሳያየኝ ሰቀልኩት።"

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ባለቤቴን ካገባሁ አሥር ዓመቴ ነው፤ የዓይናቸውን ቀለም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቅጽ አመጡልኝ። የእናቴን ስም ጻፍኩ፣ አገሯ ጉራጌ ብዬ ሞላሁ፣ ፈረምኩ። እናቴ በየወሩ ማርያምን ሳትዘክር የማታልፍ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ ብትሰማ በጥፊ ትለኝ ነበር። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ያን ሁሉ ዓመት የት ደብቄው እንደነበር ጠየቀችኝ። ሱቅ አልኳት። በማግሥቱ መጥታ ሌላም ነገር ይኖራል ብላ መደርደሪያዬን አገላበጠች፤ ቅሎቹን ሳይቀር እያነሣች አየች። እኔ በሰው ላይ ያደረግሁትን እሷ በእኔ ላይ አደረገችው፤ ደስ አይልም።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ቤታችን የሚሰበሰቡት የጸሎት ሴቶች ለእኔ ቤተሰብ መጸለይ ጀመሩ። የእናቴ ቤት ከጨሌ እስራት እንዲፈታ ሲለመን፣ ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን የሚሉት አማቴ ነበሩ። ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ያፌዙብኛል ወይስ ይመርቁኛል? አላወቅሁም። የቅቤው ጥያቄ ግን ቀርቷል፤ በልጃችን በኩል የሚመጣው ሳሙና አለቀና ጨው አለቀ ብቻ ሆነ።

በዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አማቴ ልጃችንን ልከው ወደ ባህል መንደሩ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ሁላችንም ሄድን። ሰባተኛው ጨሌ ከሌሎቹ ተለይቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የእናቴ ስምና ጉራጌ የሚል ካርድ አለ። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ አልወጣችም፤ የእኔን ፊት ለማየት ይመስለኛል አጠገቤ ቆመች። አማቴ ካርዱን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ልጃችንን አልፈው፣ ባለቤቴን አልፈው፣ ቀጥታ እኔን አናገሩኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "እናትህ ወተት ስትንጥ፣ ይሄ ደረቷ ላይ ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።"

እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ክርና ስኳር የሸጠች የከተማ ሴት ናት፤ ላም ኖሯት አያውቅም። የሞተችው ደግሞ እኔና ባለቤቴ ሳንተዋወቅ ነው። ይህን ባለቤቴ ከእኔ እኩል ታውቃለች። እናቷን አየች፣ ጨሌውን አየች፣ እኔን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሄዳ የእናቷን ክንድ ያዘች፤ እስክንወጣም አለቀቀችውም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ለእናቴ ቤት የሚጸለየው ጸሎት ቀረ። ማን እንዳስቀረው አልጠየቅሁም። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወደ ባህል መንደሩ ከመሄዳችን በፊት ባለው ቀን ባለቤቴ ሱቅ መጣችና ከባንኮኒው ወዲያ ቆማ አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ እንድጠቀልልላት ጠየቀችኝ።

"ለእናቴ ፀጉር ነው" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ስንጥሬን አስቀመጥኩና ጠቀለልኩላት።