የአስካለ ዘፈን

ልጅ እያለሁ፣ ቦንጋ ውስጥ እኛ ሰፈር የምታገባ ሴት ሁሉ የራሷ ዘፈን ነበራት። የሚያወጣላት ጎረቤታችን ጋሽ አለሙ ነው። ቤታችንን ከቤቱ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ስለነበር፣ ጠዋት ክራሩን ሲቃኝ እየሰማሁ እነቃለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ክራሩን ይሰቅልና ጃንጥላ ይጠግናል። በእኛ አገር ዝናብ ጃንጥላ ጠጋኝ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ደጃፉ ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅና የማሽን ዘይት ይሸታል።

ታላቅ እህቴ አስካለ ደካ ከሚባል አገር ለመጣ ሰው ስትታጭ፣ ጋሽ አለሙ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ቤተሰባችንን ጠየቀ። እንዴት እንደምትስቅ፣ ጭቃ ስትሻገር ቀሚሷን እንዴት እንደምትሰበስብ፣ ማንን እንደምትፈራ።

«እኔን ነው የምትፈራው» አልኩት።

«አንተንማ ዶሮም አይፈራህም!» አለኝ።

የወጣው ዘፈን ቁርጥ እሷን ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ካሴት የሚያሳትም ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ሺሺንዳ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ ስለ ጋሽ አለሙ ሰምቶ ኖሯል። አባቴና ጎረቤቶች ጋሽ አለሙ ደጃፍ በተሰበሰቡበት ዘፈኑን አዳመጠና ደስታውን መደበቅ አቃተው። «አዲስ አበባ ወስጄህ ትዘፍነዋለህ። ካሴቱ እስኪወጣ ግን ሠርግ ላይ እንዳይሰማ» አለ። «ደግሞ አስካለን ማን ያውቃታል? ስሟን አውጥተን ‹ሆዴ› እንበለው፤ አገር ሁሉ ይዘፍነዋል።»

አስካለ ከእንሰቱ ማዶ ቆማ ትሰማለች። ፊቷ ጠቁሯል። እኔ ደግሞ ድምፁ በሬዲዮ ሲመጣ ትምህርት ቤት የምጎርረውን እያሰብኩ፣ እሺ እንዲል በልቤ እለምናለሁ።

«ሆድማ ሁሉም ሰው አለው» አለ ጋሽ አለሙ። «አስካለ ግን ይህቺው ናት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግን ተቆጣ። «አንተ ሰው፣ እንጀራህን አትግፋ! ስምህ ቢጠራ ምን ይጎዳሃል?»

«ስሜንማ እናንተም ትጠሩታላችሁ፤ ጃንጥላ በተሰበረ ቁጥር።»

እንግዳው በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለሰ። ሰፈሩም ጋሽ አለሙን ሞኝ ሲለው ሰነበተ።

የሠርጉ ዕለት አስካለ ከቤት ስትወጣ ዘፈነላት። ሙሽራ አንገቷን መድፋት ነበረባት። ስለ ጭቃው የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ቀና ብላ ከት ብላ ሳቀች። እናቴ «ሙሽራ አይስቅም!» ብላ ቆነጠጠቻት፤ ወዲያው እሷም መሳቅ ጀመረች።

ጋሽ አለሙ ካረፈ ቆይቷል። ዛሬ ልጆቼ ምሳቸውን እንኳ ፎቶ አንስተው ለሰው ሳያሳዩ አይጎርሱም። እኔም እቆጣቸዋለሁ። ሰው የሚያየው ሁሉ መልካም፣ የማያየው ሁሉ ከንቱ እንዳይመስላቸው፣ የጋሽ አለሙን ነገር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። በቀደም ትንሿ ልጄ ዘፈኑን በስልኳ ፈለገችው።

«የለም እኮ አባዬ። ጥሩ ከሆነ ለምን የለም?»

ለልጆቼ መልስ አጥቼ አላውቅም። «የተዘፈነላት ሰምታዋለች» አልኳት። ጋሽ አለሙ ልክ እንደነበረ ዛሬም አምናለሁ። ልጄን ግን መልሴ አላረካትም። እውነቱን ለመናገር፣ ድምፁ በሚናፍቀኝ ቀን እኔንም አያረካኝም።