የማይጎድለው ፔርሙዝ

ቀለም ቀቢው ሚኒባስ ውስጥ መኖር የጀመረው ወዶ አልነበረም። የተከራየው ቤት ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤት ደግሞ ተከራይ የሚባል ዓይኔ እንዳያይ አለ። መሰላልና ባልዲ ያመላልስበት የነበረው ሚኒባስም ያን ሰሞን ሞተሩ ነክሶ አንድ መጋዘን አጥር ጥግ ተገትሮ ቀርቶ ነበር። ምን ያድርግ? ፍራሹንም እናቱንም ይዞ እዚያው ገባ። ሰፈሩ «ቀለሜ» ይለዋል። ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ጥሎ የወጣ ሰው በጎበዝ ተማሪ ስም መጠራቱ እሱንም ያስቀዋል።

ሌላ ከተማ ባል አግብታ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ እየበረረች መጣች። ሚኒባሱን ከውስጥ አየት አየት አድርጋ ከንፈሯን መጠጠች። እናትየው «ከልጄ አልለይም» ብለው ድርቅ ባይሉባት ኖሮ ያኔውኑ ይዛቸው ትሄድ ነበር።

«እሺ ይሁን» አለችው ወደ ጎን ስባ። «ግን ብርድ መታት የሚል ነገር ከሰማሁ ምክንያት አልሰማህም። ይዣት ነው የምሄደው።»

«በሙቅ ውሃ ነው የማኖራት፣ እትዬ» አላት። ከአፉ አመለጠው እንጂ እንዴት እንደሚያደርገው አላሰበበትም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቱ ከሄዱ ያቺ ሚኒባስ የብረት ሳጥን ከመሆን አታልፍም።

ያለችው አንዲት ትንሽ ቡታጋዝ ናት። ጠዋት ጠዋት የኋላውን በር ገርበብ አድርጎ፣ ነፋሱን በሸራ ከልሎ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ያፈላል። ጥቂቱ ለሻይ ይሆናል። የቀረውን ፔርሙዝ ውስጥ ይሞላና «ይሄ መታጠቢያሽ ነው» ብሎ ራስጌያቸው ያስቀምጠዋል፤ አጠገቡ ደግሞ ቀለም የነበረበትን፣ በአሸዋና በሳሙና እየፈተገ ያጸዳውን ባልዲ። ከዚያ የቡታጋዙን መክፈቻ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። አንዴ እናቱ እሳቱን እንደ ለኮሱ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው የመጋረጃው ጫፍ ተለብልቧል። ከዚያ ወዲህ እሱ በሌለበት እሳት የለም። እናትየው «እንደ ሕፃን ቆለፈብኝ» እያሉ ይስቁበታል።

ማታ ሲመለስ ፔርሙዙን ያነሳዋል፤ ይከብደዋል። ክዳኑን ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን ይመታዋል። ጥቂት ብቻ ጎድሏል።

«እማዬ፣ አልታጠብሽም እንዴ?»

«ታጥቤያለሁ እንጂ። አሮጊት ምን ያህል ገላ አላትና? አንድ ኩባያ ይበቃኛል።»

ፎጣው እርጥብ ነው፤ እሳቸውም ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ምኑን ይጠርጥር? በተረፈው ውሃ መኮሮኒውን ይጥዳል። ሙቅ ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይፈላለታል፤ ቡታጋዙም ይበረክትለታል። ሥራ ቦታ ሳይቀር ስለ ፔርሙዙ ማውራት ጀመረ። «የኛ ፔርሙዝ ውሃ ይወልዳል» ይላል፣ ሮለሩን ግድግዳው ላይ ሽቅብ ቁልቁል እያስኬደ። ባልደረቦቹ ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

አንድ ቀን ዝናቡ በረታና አሠሪው የውጭ ግድግዳ አይቀባም ብሎ ከመንገድ መለሳቸው። ቀለሜ ሲደርስ እናቱ በውስጥ ልብሳቸው ባልዲው ላይ አጎንብሰው፣ ከጀሪካኑ በኩባያ እየቀዱ ክንዳቸው ላይ ያፈሳሉ። ጀሪካኑ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ነው። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ፔርሙዙ ጠዋት እንዳስቀመጠው ራስጌያቸው አለ።

«ምንድነው የምታደርጊው?»

እናትየው ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ሰው ደነገጡ። «ማታ ደክሞህ ነው የምትመጣው» አሉ ቀስ ብለው። «ትኩስ ነገር ቶሎ እንዲደርስልህ ብዬ ነው። እኔ አንዱን ኩባያ ከጠጣሁ ይበቃኛል። በቀዝቃዛ ውሃ ነው'ኮ ያደግሁት።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን ማንን? ይህን ሁሉ ጊዜ ሲበላ የከረመው የእናቱን ሙቀት ነበር፤ ያውም እየቀለደ። መክፈቻውን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ቆመ። ከዚያ ፎጣውን ጠቀለለላቸውና እጃቸውን በሙቁ ውሃ ነከረ፤ ግን ዘግይቷል።

በዚያው ሳምንት ሳል ጀመራቸው። ሳሉም ደረታቸው ውስጥ ገባ። ሐኪሟ «ሳንባቸው ተነክቷል፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይተኙ» አለችው። ቀለሜ «እሺ» አለ። ቀኑን ሙሉ የሰው ክፍል ሲቀባ ይውላል፤ የእኔ የሚለው አንድም የለው። እህቱ ጋ የደወለው ራሱ ነው።

በማግስቱ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። የእናቷን ልብስ እያጣጠፈች «ሙቅ ውሃ ያልከው ይሄ ነው?» ብቻ አለችው።

«እሱ ምን አጠፋ?» አሉ እናትየው ሳላቸውን እየታገሉ። «እሱማ በየቀኑ ያፈላልኛል። በቀዝቃዛ የታጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ልማድሽ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ስትሸፍኚለት ነው የኖርሽው።»

እውነቱ ተነግሮ አልታመነም። ቀለሜ ምን ብሎ ይጨምርበት?

«እግሯን ልጠባትና ሂዱ» አለ። መክፈቻውን ሰክቶ ማንቆርቆሪያውን ጣደ። እሳቱ ትንሽ ነደደ፣ ጭል ጭል አለና ጠፋ። ቡታጋዙን ቢወዘውዘው ባዶ ነው። ጣቱን ውሃው ውስጥ ከተተ፤ ለብ እንኳ አላለም። ውጭ የቆመው ታክሲ ጡሩምባውን ነፋ።

ያለውን ውሃ ባልዲው ውስጥ ገለበጠና ተንበርክኮ የእናቱን እግሮች ቀስ አድርጎ አስገባ። ጣቶቻቸው ሽምቅቅ አሉ። ቀና ብሎ አያቸው። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ኧረ አቃጠለኝ፣ ልጄ» አሉ እናትየው፣ እሷ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ቀዝቃዛ ጨምርበት።»

ቀለሜ ጀሪካኑን አንስቶ ጨመረበት።