አንገት የሌለው ቀሚስ

የወንድሜ ልጆች ሁለት ናቸው። ትልቋ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ትንሿ ትሰፋለች፤ እኔ አክስታቸው እተኩሳለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ እንውላለን፤ እነሱ ግን ዓይንና ናጫ ናቸው። በቋንቋችን አፍ ከከፈቱ ውሃ ቀጠነ ብለው ስለሚጣሉ፣ ደንበኞች በስልክ ፎቶ ይዘው የሚመጡትን የእንግሊዝኛ የአንገት ስም ብቻ ይወራወራሉ።

«ቪ ኔክ» ትላለች ቆራጯ ጨርቁን ወርውራ፤ ሹሉ ነው።

«ስኩዌር?» ትላለች ሰፊዋ ስለ ሌላው ጨርቅ ስትጠይቅ፤ አራት ማዕዘኑ ነው።

ከትከሻ ትከሻ የሚሄደው «ቦት ኔክ»፣ ጉሮሮ ድረስ የሚዘጋው «ሃይ ኔክ» ነው። እንደምን አደርሽ የለም። ደረት ድረስ የሚወርደውን «ዲፕ ቪ» ደግሞ በዚህ ቤት ማንም አይጠራውም።

ቆራጯ ቀለበት ልታስር የነበረ ጊዜ ልብሷን የቆረጠችው ትንሿ ናት። ሃይ ኔክ የተባለውን እስከ ደረት ሰንጥቃ አመጣችላት። ሌላ ልብስ ስላልነበራት ያንኑ ለበሰች። አማቷ ልትሆን የነበረችው ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ልጇን ይዛ ሄደች። ትንሿ «እጄ ስቶ ነው» አለች፤ ይቅርታ ግን ከአፏ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ትልቋ መቀሱን ለማንም አታስነካም።

አሁን ትንሿ ልታገባ ነው። ጉሮሮዋን እያሳየች «ሃይ ኔክ» አለች። እህቷ ለካቻት፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ ስታጠብቀው ካውያዬን አስቀምጬ አየሁ።

በሰርጉ ዋዜማ የተቆረጠው ጨርቅ ደረሳት። እጅጌው፣ ወገቡ ልክ ነው። አንገቱ ጋ ግን ድፍን ነው።

«አንገቱስ?»

«ያደረግሽኝን ተናግረሽ ይቅርታ በይ፤ እቆርጥልሻለሁ።»

«እጄ ስቶ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እሱን ሰምቻለሁ።»

«ልጆቼ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ብል፣ «እቴቴ፣ እርስዎ ይተኩሱ» አሉኝ ባንድ ድምፅ። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ቆራጯ መቀሱን አቀበለቻት። ትንሿ ይቅርታ ከማለት መቁረጡ ቀለላት። በንዴት ስትቆርጠው መቀሱ አልቆመላትም፤ እስከ ደረቱ ወረደ። ሌላ ጨርቅ አልነበረም።

ያኔም እጇ ስቶ እንደነበር ያመንኩት ይሄኔ ነው። ቆራጯም አይታዋለች፤ ፊቷ ግን አልራራም። ጨርቁን አነሳች፣ ለካችው፣ እንደ ሁልጊዜው ወረወረችላት።

«ዲፕ ቪ» አለች።