ዳኛውና የተቃጠለው ፍሪሲዮን

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ዳኛው» ነው። ሕግ ተምሮ እንዳይመስላችሁ! መካኒክ ነው፣ ያውም እጁ የተባረከ መካኒክ። ዳኛ ያሰኘው መኪና ፈትቶ ባለቤቱ ላይ ስለሚፈርድ ነው። የፍሬን ሸራ ገልበጥ አድርጎ ያይና «ይሄ ችኩል ነው፤ ምሳውን እንኳ አኝኮ አይውጥም» ይላል። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ካገኘው ደግሞ «የነገሩትን የማይሰማ ደረቅ!» ብሎ ይወረውረዋል። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ መኪናቸውን አስረክበው ሲሄዱ ግን ትንሽ ሽምቅቅ ይላሉ። ምን ይደረግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል።

እንግዲህ የዚህ ሰው አንድያ ልጅ፣ የሒሳብ አስተማሪ የሆነችው፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ወደደች። መውደዷስ ባልከፋ። ሐኪሙ የሚነዳው ግን አንዲት ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ የስፖርት መኪና ነው። ከሟች አጎቱ የወረሳት ናት። ዳኛው ያቺን መኪና መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ቆሽቱ ያራል። «ቀኑን ሙሉ ጥርስ እየነቀለ የሚያበላው ለዚህች ነው? ጉረኛ!» ይላል፤ ከሐኪሙ ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም።

አንድ ቀን እራት ላይ ልጁ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አንተ ሳትመርቀኝ አላገባም። እምቢ ካልክ ግን ምክንያትህን ንገረኝ። ‹ደስ አላለኝም› የሚባል ነገር አልቀበልም።»

ዳኛው ማንኪያውን አስቀመጠ። «መኪናዋን ያምጣልኝ። ሆዷን ሳላይ አልናገርም።»

«አይ አንተ ሰው!» አለች ሚስቱ። «አማች ነው የምትመርጠው ወይስ ሞተር?»

«ያው ነው» አለ። አልቀለደም።

ሐኪሙ በማግስቱ መጣ፤ መጣ ከተባለ። የጋራዡ በር ላይ ያለችው ጉብታ የመኪናዋን የፊት ፓራውልት ፋቀችው፣ መንገድ ተዘግቶበት ስለቆየ ራዲያተሯ ግሏል፣ ከኋላዋ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ሐኪሙ ረጅም ነው፤ ከውስጧ ለመውጣት መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ጭንቅላቱን፣ በመጨረሻ የቀረውን አወጣ።

«ጋሼ፣ ማርሽ አልገባ ይላል። ዳገት ላይማ ሞተሯ ይጮኻል እንጂ አትሄድም» አለ።

«እናያለን» አለ ዳኛው። ሽታው አፍንጫው ሲገባ ደስ ብሎት ነበር።

ደስታው ቶሎ ወደ ላብ ተለወጠ። የዚህች መኪና ሞተር ከወንበሮቹ ኋላ ነው የተወሸቀው፤ ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ጋ ለመድረስ ግማሽ መኪና ማውረድ ይጠይቃል። ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ እንኳ በመብራት ፈልጎ ነው ያገኘው። ሌላው ችግሯም ተዘርዝሮ አያልቅም። ባትሪዋ ጥቂት ቀን ከቆመች ይሞታል። የመስኮቱ ማዘዣ ላስቲክ ቀልጦ ጣት ላይ ይጣበቃል። የውኃ ቱቦዎቿ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ እነሱም እንደሌላ መኪና ቱቦ ከሱቅ የሚገዙ አይደሉም። «የሠራሽ ሰው መካኒክ ምን በደለው?» እያለ ሥሯ ተጋድሞ ዋለ።

በመጨረሻ ፍሪሲዮኑ ወጣ። ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ተገናኝቷል፤ የሚያርፍበትም ብረት ሰማያዊ እስኪሆን ግሏል። አዲሱ ከውጭ መምጣት አለበት፤ በዋጋው ደህና የቤት መኪና ይገዛል። ሌላ ቀን ቢሆን ዳኛው ለደንበኛው ያዝን ነበር። ያን ቀን ግን ጮቤ ረገጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጁንም ሐኪሙንም ጠራ። የጋራዡን ዕቃ የምትጠብቀው ሚስቱ እንደወትሮዋ በሩ አጠገብ ካለው የመለዋወጫ መደርደሪያ ኋላ ናት። ዳኛው የተቃጠለውን ፍሪሲዮን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዩት። ይሄ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አስተኝቶ የሚነዳ ሰው ሥራ ነው። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ለመያዝ ይሰንፋል። ሲቃጠል ይሸተዋል፣ ግን አያቆምም። የራሱን ንብረት እንዲህ የሚማግድ ሰው የሰው ልጅ እንዴት ይይዛል? ምክንያትህን ንገረኝ ብለሽኝ ነበር፤ ይኸውልሽ።»

ሐኪሙ ፍሪሲዮኑን አየ፣ ቀና አለ። «ልክ ነዎት ጋሼ፤ በደንብ አልተያዘችም። ወጪውን እኔ እችላለሁ።»

ዳኛውን ቅር አለው፤ ክርክር ጠብቆ ነበር።

«አንተ ደግሞ ምን ይዘጋሃል!» አለችው ልጅቱ ሐኪሙን። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «እግሩ የኔ ነው፣ አባዬ።»

«የምን እግር?»

«ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። መንዳት እያስተማረኝ ነው።»

«አንቺ መንዳት መቼ ትችያለሽና!»

«አልችልማ! ስለማልችል አይደል የተቃጠለው?»

ከመደርደሪያው ኋላ እናትየውን ሳቅ አመለጣት። ልጅቱ ግን አልሳቀችም።

«ስንቴ ለመንኩህ? የጎረቤቱን ልጅ አስተምረሃል። የእማዬን ወንድም፣ ያን ግራና ቀኙን የማይለየውን ሰውዬ አስተምረሃል። እኔ ስጠይቅህ ‹ነገ›። ነገ ነገ ስትል ይኸው ጸጉርህ ሸበተ።»

ዳኛው እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ንጹሑን እጁን ደግሞ ጠረገ።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ተጨራምቶ እየተጎተተ የሚመጣውን ሁሉ የምቀበለው እኔ ነኝ። መሪው ወንበሩ ድረስ የገባ አያለሁ፣ ደም ያለበት አያለሁ። ባየሁ ቁጥር አንቺን ነው እዚያ የማስቀምጥሽ። እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው።»

የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ልቧም ባባ። ዳኛው ሊያባብላት ፈልጎ አልሆንልህ ሲለው ሐኪሙ ላይ አፈጠጠ።

«አንተስ? ያ ሽታ መቼስ አፍንጫህ ገብቷል። ምን ትላት ነበር?»

ሐኪሙ አንገቱን አከከ። «‹ምንም አይደል፣ ድገሚው› ነው የምላት።»

«ዋጋውን እያወቅክ?»

«አጎቴ ቀይሮት ያውቃል፤ ዋጋውንማ በደንብ አውቃለሁ። ግን ጋሼ፣ መኪናዋ ተንገራግጫ ስትነሳላት እንዴት እንደምትስቅ አይተው አያውቁም።»

እውነቱን ነው፤ አላየም። ልጁ የሆነ ቦታ፣ መሪ ጨብጣ እንዲያ ስትስቅ፣ እሱ እዚህ ሥራ ላይ ነበር።

«የዕቃውን አንተ ክፈል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን እንደ ልማዱ ከፍ አድርጎ። «የእጅ ዋጋ የለም። ልጄ ያቃጠለችውን እኔ እጠግናለሁ። ፍርዴም ልክ ነበር፤ ተከሳሹን ነው የሳትኩት።»

«እና?» አለች ልጅቱ።

«እናማ እሺ ነው! ሀብቱ ሥሩ እየተቃጠለ ‹ድገሚው› የሚልሽ ሰው ከየት ታመጫለሽ?»

እናትየው እልል ልትል ነበር፤ ዳኛው በዓይኑ ከለከላት። ሐኪሙም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ፍሪሲዮኑን አነሳና እጁን በግራሶ ለወሰው።

አዲሱ ፍሪሲዮን መጥቶ በተገጠመ ዕለት ዳኛው ቁልፉን ለልጁ ሰጣትና ወገቤን እያለ ከጎኗ ገባ። ሐኪሙና እናትየው ከኋላ ቆመው ያያሉ። በሩ ላይ ሞተሩ ጠፋባት። አስነሳችው፤ ደግሞ ጠፋ። ዳኛው የበሩን እጀታ ጨብጦ ጥርሱን ነከሰ። እንደገና አስነሳችው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ መኪናዋ ተንገራግጫ ጉብታዋን አለፈችና ጎዳናው ላይ ወጣች። ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች።

«አባዬ፣ ምነው ወደፊት እይልኝ እንጂ!»

«መንገዱን አንቺ እዪ» አለ ዳኛው። «እኔ የማየውን እያየሁ ነው።»