ሞተር አድማጩ

ያ ክረምት ልብስ የማይደርቅበት ክረምት ነበር። የታጠበው ሁሉ ገመድ ላይ ሰንብቶ፣ እንደ ረጠበ መሽተት ይጀምራል። በጋራዡ ግቢ ዘይቱ ኩሬው ላይ ተንሳፍፎ ቀለም በቀለም ይሆናል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲደበደብ ስለሚውል ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ኋላ ሲያስቡት፣ ነገሩ ተሸፍኖ የቆየው በዚያ ዝናብ ነው። ሁሉም «ምን አልክ?» በሚባባልበት ወቅት የአንድ ሰው «ምን አልክ?» በምን ይለያል?

ሰውዬው መካኒክ ነበር። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ ታላቅ እህቱ ሳትቀር። ስሙን ያወጣለት አሠራሩ ነው። ረጅም ካቻቢቴ አለው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ጋራዡ ጸጥ ይላል፤ ግቢው ውስጥ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ እንኳ መዶሻውን ያስቀምጣል። ከዚያ ሐኪሙ ቀና ይልና «የውሃው ፓምፕ ኩሽኔታ ነው፤ ሞተሩን እንዳትነኩት» ይላል። ሲፈታ እንዳለው ይሆናል። ሰው ከሌላ ከተማ መኪናውን እያስጎተተ ይመጣለት ነበር።

እህቱ በዚያው ግቢ ጥግ የመኪና ወንበር ትሰፋለች። ግቢው የአባታቸው ነበር፤ እሷ በመርፌ፣ እሱ በመፍቻ ኖሩበት። እሷ ባሏን ፈታለች፤ እሱ ሚስቱን ቀብሯል። ምሳ የሚበሉት አብረው ነው፤ የሚጣሉትም ምሳ ላይ ነው።

ነጯ መኪና የመጣችው እንግዲህ በዚያ ክረምት ነው። ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የጃፓን ስፖርት መኪና። ባለቤቷ ፋርማሲ ያለው ሰው ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ጠርገው የመኪና መሮጫ መም አደረጉት። ዝናቡ ሲያቆም ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ ሄዶ፣ ፖሊስ ሳይከለክለው፣ እስከ አቅሙ ይነዳበታል። ዋንጫ የለው፣ ሽልማት የለው፤ ትግሉ ከራስ ጋር ነው።

«እኔ መድኃኒት ሻጭ ነኝ፤ ሐኪሙ አንተ ነህ። እዘዝላት፣ ጋሼ» አለ ባለፋርማሲው።

«ሕመሟ ምንድን ነው?»

«ቀርፋፋ ናት።»

«ቀርፋፋው ነጂዋ እንዳይሆን!»

ጎሚስታው ከት ብሎ ሳቀ። ባለፋርማሲውም ሳቀ፤ ደግ ሰው ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ተሠራባት። ሞላዋ በጠንካራ ሞላ ተተካ፤ ኩርባ ላይ እንዳታጎነብስ። የፍሬን ሸራዋ ሙቀት በሚችል ተለወጠ። ቸርኬዋ ቀላል፣ ጎማዋ ሰፊ ሆነ። ለጭስ መውጫዋ ወፍራም ማርሚታ ገባላት፤ እህቱ የኋላውን መቀመጫና ምንጣፉን አውጥታ፣ ለነጂው ትከሻና ወገብ የሚይዝ ወንበር አሰናዳች። በመጨረሻ ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋው የቀድሞው ቱርቦ ወርዶ ትልቅ ተሰቀለ። ሐኪሙ ያን ሰሞን ጎልማሳነቱ የተመለሰለት መሰለ፤ ኮፈኑ ሥር ገብቶ ሲያንጎራጉር ይውላል።

ቱርቦ ግን እንደ ሌላው ዕቃ አስረው የሚተዉት አይደለም። የሚነፋው አየር ሲበዛ ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል፤ ሞተሩም ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጫቀጭ ያለ ድምፅ ያወጣል። ቀጭን ድምፅ ነው። የሰማ መካኒክ ግፊቱን ይቀንሳል። ያልሰማ፣ ፒስቶኑ እስኪቀደድ ይነዳል።

እህቱ ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ወንድሟ ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ ኩሽኔታ ቢያጉረመርም፣ ጎሚስታው ቢጣራ ይዞራል። ቀጭኑ ግን እያመለጠው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሱ ግን ባሰ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አወጣችው።

«ትናንት ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አጠገቡ ቆመህ አልሰማኸውም።»

«ሐሳብ ይዞኝ ነበር።»

«እኔ ስጠራህስ? ጎሚስታው ሲጠራህ ሰው ነህ፣ እኔ ስጠራህ ግድግዳ።»

«ያንቺን ድምፅማ ድሮም ጠግቤዋለሁ፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ያ ከድልድዩ ማዶ ያለው ጋራዥ መለኪያ ማሽን አለው አሉ። ጠጠሩን በኮምፒውተር ይይዛል። እዚያ ውሰዳት። ማን ይስቅብሃል?»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ሐኪሙ ደነቆረ ከተባለ ማን ይመጣል? እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? በይ ንገሪኝ። ወንበር ልስፋ?»

«እንግዲያው እኔ ልስማልህ» አለች። «መንገድ ላይ ስትሞክራት ጎንህ እቀመጣለሁ። ጠጠሩን ስሰማ ጉልበትህን እነካሃለሁ። ካንተና ከኔ አያልፍም።»

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። «ይሁን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ግን መፍቻ ይዞ ወደ ስፌት መኪናዋ መጣ። «የጎኑንም ወንበር አውጪው፤ ባለቤቷ ትቅለልልኝ ብሏል።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ የሚያየው መፍቻውን ነበር። ብሎኖቹን በገዛ እጇ ፈታች፤ ወንበሩን እንደ ሕፃን አቅፋ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። መኪናዋ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ቀረ። ባለፋርማሲው እውነት ብሎት ይሁን አይሁን አልጠየቀችም። ጠይቃ «አላለም» ቢላት ምን ልታደርግ ነው? ሐኪሙ ብቻውን ነድቷት ሄደ፤ ተመልሶ «አንደኛ ናት» አለ።

ዝናቡ አቆመ። በመጀመሪያው የመም ቀን እህትና ወንድሙ በጎሚስታው ፒክ አፕ ሄዱ። ጸሐዩ አዲስ ነበር፤ ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይሣሣቃል። ባለፋርማሲው የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ለሐኪሙ አውራ ጣቱን ቀሰረለት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ጎማው ሲሞቅ ለቀቃት። ነጯ መኪና ኩርባውን ስትበላው ለማየት ያስደስት ነበር፤ እህቱ እንኳ ለትንሽ ጊዜ ጭንቀቷን ረስታ «አይ ወንድሜ!» አለች።

ከዚያ በረጅሙ ቀጥተኛ መንገድ ላይ በፊታቸው አለፈች። ከጩኸቱ ሁሉ ሥር ጠጠሩን ሰማችው።

ክንዱን ያዘችው። «ትሰማለህ?»

«ምን?»

«ጠጠሩን! አስቁመው!»

ፊቷን ቃኘ፤ ከጆሮው ይልቅ ዓይኑ ነበር የሚያዳምጠው። ዙሪያቸው የቆሙት ሰዎች ዞረው አዩት። አንዱ «ምን አለች፣ ሐኪሙ?» አለው።

«ሰምቼዋለሁ» አለ ሐኪሙ ጮክ ብሎ። «የማርሚታው ነው። ምንም አይደለም።»

እህቱ ትታው ባንዲራ ወደያዘው ሰው ሮጠች። ባንዲራ ያዡም ተከራከራት፤ «እናቴ፣ መካኒኩ እዚያ ቆሞ የለም እንዴ? እሱ ምን አለ?» አላት። ይህን ሲላት መኪናዋ ዞራ ደረሰች፤ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ከሥሯ ነጭ ጭስ ወጣ። ዘይቱ የኋላ ጎማዋ ላይ ፈሰሰ። ኩርባው ላይ በጎኗ ተንሸራተተች፣ ተሽከረከረች፣ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ጋር ተላተመች።

ባለፋርማሲው አልሞተም። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ ላይ ተሰበረ፤ ሲጠገን ጣቶቹ እንደ ቀድሞው አልታጠፉለትም።

አልከሰሰም፣ አልተሳደበም። ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ አንድ ቀን ወደ ጋራዡ መጣ። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ ከነጯ መኪና የወጣውን ሞተር ይፈታ ነበር። ፒስቶኑ መሃሉ ላይ ቀልጦ፣ ብርሃን ያሳልፋል።

ባለፋርማሲው ከኋላው ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ያን ቀን አልሰማኸውም ነበር አይደል?» አለ።

ሐኪሙ መፍታቱን ቀጠለ። እህቱ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ጎሚስታውም አየ። የባለፋርማሲው ጥላ ሲያርፍበት ሐኪሙ ዞረና ደነገጠ፤ «እንዴ፣ መቼ መጣህ?» አለ።

ባለፋርማሲው ጤነኛ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ነካ ነካ አድርጎት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ አልተናገረውም፤ የከበደውም ይኸው ነው። ሰው መኪናውን ለዘይት ቅያሪ፣ ለጎማ ያመጣለታል፤ ሞተር የሚያዳምጥ ሲፈልግ ድልድዩን ይሻገራል። ሲያናግሩት ለሕፃን እንደሚናገሩ ቃሉን እየጎተቱ፣ አፋቸውን እየከፈቱ ሆነ። እህቱ የጆሮ መሣሪያ አስገዛችው። ጋራዥ ውስጥ መዶሻውም መፍቻውም አንድ ላይ እየጮኸ ራሱን ሲያዞረው መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ወንበሩን እንዳወጣ ባትነግረኝ ኖሮ» ልትለው ስንት ጊዜ አፏ ደርሶ መለሰችው። አንድ ቀን እሱ ራሱ፣ ሳትጠይቀው፣ «ባለቤቷ አላለም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው። ሰምቶ ይሁን አይሁን አላወቀችም። ምሳቸውን በሉ።

በሚቀጥለው ክረምት መባቻ ዕቃውን ለጎሚስታው ትቶ ወጣ። የት እንደሚሄድ ሲጠየቅ «ቅርብ ነው» ብቻ አለ። እህቱ ግቢውን አልለቀቀችም፤ ግማሹን አከራይታ ወንበር ትሰፋለች። ጎሚስታው ጎማ ሊገዛ ሄዶ አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል፣ ሰላምታውን በእጁ መለሰለት። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው የአሮጌ መኪና ማፍረሻ ግቢ ብሎን በየመጠኑ እየለየ ይሠራል፤ የሚያድረውም እዚያው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው።